ጫት ተራ የዋለ ትምህርት

እናቴ ጭሮ ጫት ተራ ውስጥ ያረጀች ነጋዴ ናት። ጠዋት ከበደሳ የገባ ጫት በእርጥብ ጆንያ ቢሸፈንም፣ ሳይሸጥ ካደረ ከፍየል በቀር የሚጠይቀው የለም። እሷም በዓለም ያለውን ነገር ሁሉ በዚሁ ትለካዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ጉልበቷን ያማት ጀመርና ፈረደችብኝ፦ «ትምህርትሽ የዕለቱን ካላመጣ ትተሽው ከእኔ ጋር ትቆሚያለሽ!»

ትምህርቴን እንደ ነፍሴ ነበር የምወደው። አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ ራት አልበላም አልኩ። ራቴን ወንድሜ በላልኝ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ወደ ጫት ተራው ስመለስ «ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ትለኛለች። የተማርኩትን እዚያው ለደንበኞች አወራለሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ጆሮውን ከሰጠ ፊቷ ይፈታል፣ እኔም አንድ ቀን ተረፍኩ ማለት ነው። የመብረቅ ነገር ጥሩ ገበያ ነበረው፤ «ወላሂ?» እያሉ ይከቡኛል። አልጀብራ ግን ገዢ አጣ። አሁን አስተማሪ ነኝ፤ እንደዚያ ጫት ተራ የሚያስጨንቅ ክፍል እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

አንድ ቀን ልብ ደምን እንዴት ወደ ሰውነት እንደሚልክ ተረኩ። ከመቻራ ቡና የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር የያዘውን ጫት ረስቶ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «ቆይ እንጂ እህቴ፣ ሲመለስስ? ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። መምህራችን ገና እዚያ አልደረሱም። እናቴ አጉል ዕቃ እንደተሸጠላት ሰው አየችኝ።

በማግስቱ መምህሩ ቀሩ። ባዶ እጄን መጣሁ። «ዛሬ ምንም የለም» አልኳት። እናቴ አልተቆጣችም፣ ይሄ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ። ከጎኗ ያለውን በርጩማ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ «በይ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ያ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አንቺ! ያ የትናንቱ ደም ተመለሰ?» ብሎ ጮኸ።

«ነገ ነው የምንማረው» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ።

«በሉ እናት፣ ነገም በዚሁ ነው የማልፈው!» ብሎ ጫቱን እንኳ ሳይገዛ ሄደ።

እናቴ አይሱዙው ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስሸጥ፣ የትናንቱን ፈልጎ የመጣ ደንበኛ አላየሁም!» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ በሳቅ ብዛት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። እኔ ግን አሁንም ፍርዴን ነበር የምጠብቀው።

«ከዚህ ተነሺ አቦ! ነገ በጠዋት ትምህርት ቤት ሂጂና ጠይቂልን» አለችኝ። «እኔም ሌሊቱን ሙሉ ‹ባዶውን ነው ወይስ ጭኖ› ስል ነው ያደርኩት።»