ጓንቷን ያወለቀችው በረኛ

እትዬን፣ ታላቅ እህቴን፣ ሰፈሩ «መዝጊያ» ነበር የሚላት። ስሙ የወጣላት አባባ ብረት በሚበይድበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። አባባ የሠራቸውን በሮች ግድግዳ ላይ ያስደግፋል፤ እሷ አንዱ ፊት ትቆማለች፤ የሰፈሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ኳስ ይለጉባታል። በሩ ካልጮኸ ግብ የለም። ብዙ ጊዜ አይጮህም ነበር። አባባ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ቀለሙ ሳይደርቅ! ኧረ ቀለሙ ሳይደርቅ!» እያለ ይቆጣል፤ ግን ገዢ ካልወሰደው በቀር በሩን ከዚያ ንቅንቅ አያደርገውም።

ውጭ አገር ያለ የሴቶች ክለብ ሲወስዳት ከቤታችን አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው አልነበረም። ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ሰጧት። ቀን ሙሉ ወለሉ በማሽኖቹ ይርገፈገፋል፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጥ እየተንፏቀቀ ጠርዝ ይደርሳል። ቋንቋውን የለመደችው ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የምታውቀው «የኔ!»፣ «ውጡ!» እና «ያዣት!» ብቻ ነበር። ዳቦ ቤት ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ባላት ቃል «የኔ!» ብላ ብትጮህ፣ ሻጩ ደንግጦ ዳቦውን ከነትሪው አቀበላት። ይህን በስልክ ስትነግረን እማማ ሳቅ አላስቆም ብሏት ስልኩን ለእኔ ወረወረችልኝ።

ደጉ ጊዜ ያ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ የማዕዘን ምት ልታወጣ ስትዘል የአንዷ አጥቂ ጉልበት ጆሮ ግንዷን መታት። ወደቀች፤ ተነሳች፤ ጨዋታውን ጨረሰች። «ሁለት ኳስ ነበር የሚታየኝ፤ በግምት አንዷን ያዝኩ፤ እግዜር ይስጠው እውነተኛዋ ሆነች» ብላ ቀለደችብን። አሰልጣኙ በጋዜጠኞች ፊት «አንበሳ ናት!» አላት። የቡድኑ ሐኪም ግን ዓይኗን በባትሪ አይታ «ጭንቅላቷ ተናውጧል፤ ማረፍ አለባት» አለች። አሰልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ራሱን የማያመው ሰው አለ እንዴ?»

በሚቀጥለው ጨዋታ አሰለፋት። እትዬም ለሰው አገር እንግዳ ናትና እምቢ ማለት አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ በአንድ የስልክ ወሬ መሃል «አባባ ደህና ነው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ በመለስኩላት ቁጥር እንደ አዲስ ደስ ይላታል። ብርሃን ስለሚያማት መጋረጃ ዘግታ ትውል ጀመር። ሽታ የሚባል ነገር ጠፋባት፤ ድስት ሲያርባት የምታውቀው ጭሱን ስታይ ነው። እስከ ዛሬም አልተመለሰላትም። ከዚያ ክለብ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ይቅርታ አላላትም። ይልቁንም አምበል አደረጓት።

የእትዬ የመጨረሻ ጨዋታ የመጣው እንዲህ ሆኖ ነው። ክለቡ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ላለመውረድ እኩል መውጣት ይበቃው ነበር። እኛ አባባ ሱቅ ውስጥ ስልኩን የብየዳ ጠረጴዛው ላይ አቁመን እናያለን። ከእትዬ ፊት የምትሰለፈው ተከላካይ፣ «ረጅሟ» የሚሏት፣ ከሌላ ተጫዋች ጋር በጭንቅላት ተጋጨች። ጭንቅላቷን በፋሻ ጠቅልለው ወደ ሜዳ መለሷት። የሆነውን እትዬ ኋላ ነው የነገረችን።

«ስንት ለስንት ነን?» አለቻት ረጅሟ።

«አንድ ለአንድ።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ስንት ለስንት ነን?» በዚያ ላይ ፊቷን ወደ ራሷ ግብ አዙራ ቆማለች። ያቺን ዓይን እትዬ ታውቃታለች፤ በእሷ የደረሰ ነው።

ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር። አሰልጣኙ በክንዱ ከለከላትና «ቅያሬ ጨርሻለሁ! በጎዶሎ ልጫወት?» አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። እትዬ ወደ ዳኛዋ ሮጠች።

«ይህች ልጅ ታማለች፤ ትውጣ!»

«ሐኪሟ ትውጣ ሳትል ምን ላድርግ? ወደ ግብሽ ተመለሺ።» ስትከራከር ቢጫ አሳየቻት።

አሰልጣኙም ከዳር ሆኖ «አንቺ ኳስሽን ያዢ!» ብሎ ጮኸ።

ኳሱ ውጭ እንደወጣ እትዬ ጓንቷን አውልቃ መሬት ላይ ጣለችው። ረጅሟን እንደ ሕፃን እጇን ይዛ ወደ ሜዳው ዳር መራቻት። ዳኛዋ ፊሽካዋን ብትነፋ ዞር ብላም አላየቻት። ሁለተኛ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ።

አባባ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «የት ነው የምትሄደው?» አለ።

«ልጅቷን ይዛ ነዋ! አታይም እንዴ?» አለችው እማማ።

አንዷ ተጫዋች ጓንቱን አንስታ ግብ ላይ ቆመች። ጎሉ እንደ ጉድ ገባባቸው። ክለቡ ወረደ።

ረጅሟን ሆስፒታል መረመሯትና ከባድ ነገር አላገኙባትም፤ አርፋ ትድናለች ተባለ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው! «አያችሁ? ምንም አልሆነችም!» አሉ። ልጅቷ ሞታ ቢሆን ኖሮ እህቴን ጀግና ብለው አበባ ይዘው በመጡ ነበር። ልጅቷ ስለተረፈች እህቴ ከሃዲ ሆነች። ክለቡ ውሏን ሰረዘ። ጋዜጦች ጨዋታውን ሸጠችው ብለው ጻፉ። ደጋፊዎች የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ግድግዳ በስድብ ሞሉት፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ራሳቸው አጠቡት።

አሰልጣኙስ እሺ፣ ለወንበሩ ነው የፈራው። እኔ ያልዋጥኩት ሐኪሟን ነው። ስትጠየቅ «ትውጣ ብዬ በግልጽ አላዘዝኩም» አለች። ያወቀችውን እያወቀች!

ረጅሟ ራሷ እንኳ በመጀመሪያ አኩርፋ ነበር። «ወስኚልኝ ያለሽ ማን ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። እትዬ ያን ቀን ብቻ ነው ያለቀሰችው።

ሌላ ክለብ አልደፈራትም። አገሯ ገባች፤ አሁን የሴት ልጆች ቡድን ውስጥ በረኞችን ታሠለጥናለች። ጸሐይ ስለሚያማት ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ትደፋዋለች። ከጊዜ በኋላ ረጅሟ ደወለች። ከዚያ ቀን አንዳች የምታስታውሰው የለም፤ ቪዲዮውን አይታ ነው። «ወደ ራሴ ግብ ዞሬ ቆሜያለሁ እኮ። ማን ናት ይህች አልኩ» አለቻት። ዛሬም ትጫወታለች፤ ደህና ናት።

በቅርቡ ያ አሰልጣኝ በቴሌቪዥን ቀረበ። ትልቅ ክለብ ይዟል። ስለ ተጫዋቾች ደህንነት ይናገራል፤ ስለ ደህንነት! እኔ ጫማዬን ልወረውርበት ብድግ ስል እትዬ ያዘችኝ።

«ተይው፤ ቴሌቪዥኑ የአባባ ነው።»

«እስካሁን ምንም አልሆነችም ነው የሚሉት እኮ!» አልኳት።

«ታዲያ ምንም እንዳትሆን አይደል ያወጣኋት?» አለችና ልምምድ እንዳይረፍድባት ኮፍያዋን አንስታ ወጣች።

እሷ በርዶላት ይሆናል። እኔ ግን ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ቆሜ ሰደብኩት።