አቡጀዲ የለበሰው ሥዕል

የእህቴ ልጅ ሊዲያ ሥዕል ትማራለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት እያቁላላሁ ደወለችና፣ «አክስቴ፣ የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ኤግዚቢሽን ቦታዎችና ስለ ዘመናችን ሠዓሊዎች ነው። ለመሆኑ በእናንተ ጊዜ ሥዕል የት ነበር የሚታየው?» አለችኝ።

«አቃቂ» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። «አክስቴ ደግሞ! ከምርሽ ንገሪኝ እንጂ።»

ከምሬ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። «ስትመጪ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ሽንኩርቱ አረረ። ሽንኩርት ሳሳርር የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሌላ ሳልከትፍ ምድጃውን አጠፋሁት።

ያኔ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ቀይ ሽብር ጋብ ካለ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ጋብ አለ እንጂ ሰው አሁንም የሚያወራው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር። አስተማሪያችን፣ «ሥዕል በዚህ ከተማ የት ይታያል? ማን ይሠራዋል? ማንስ ያየዋል? ሂዱና በዓይናችሁ አይታችሁ ኑ» ብሎ በተነን። መሃል ከተማ ያሉትን አዳራሾች አንድ በአንድ አዳረስኩ። የትኛው መቼ ሥዕል እንደሚቀበል፣ ማን እንደሚመርጥ ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ጭር ያለ አዳራሽ መዞር ሲታክተኝ አንዷ ጓደኛዬ፣ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለአብዮት በዓል ሥዕል ተሰቅሏል፣ ሠራተኛው ተጋፍቶ ነው የሚያየው አለችኝ። ሥዕል ተጋፍቶ የሚያይ ሰው! ይህንማ ሳላይ አልቀርም አልኩ።

ነሐሴ እያለቀ ነበር። ከለገሃር ውይይት ተሳፈርኩ። ውይይት የምንላት ታክሲ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባት ነበረች፤ ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በውስጧ ትንፍሽ የሚል አልነበረም። ሳሪስን አልፈን ቃሊቲ ስንደርስ ዝናቡ አባራ። አቃቂ ድልድይ አጠገብ ወረድኩና ከአንዲት ሴት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዛሁ። ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይጮኻል። የፋብሪካዎቹ ጭስ ወደ ላይ መውጣት ተስኖት ሰፈሩ ላይ ተኝቷል። በቆሎዬን እየፈለፈልኩ፣ ጫማዬ ጭቃ እየጎተተ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ ወደ ምን እንደሚሄድ አያውቅም።

ሠዓሊው ጌታሁን ይባላል። ከእኛው ትምህርት ቤት ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ የወጣ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። በፋብሪካው ውስጥ ሥራው መፈክር መጻፍና የመሪዎችን ምስል መሣል ነበር፤ ለበዓሉ ግን የራሱን ሥራዎች በሠራተኞች አዳራሽ እንዲሰቅል ተፈቅዶለታል። አብዛኞቹ ያው የምናውቃቸው ናቸው፦ መዶሻ የጨበጠ ክንድ፣ ትራክተር፣ የምትወጣ ፀሐይ። አንዱ ግን ወፍራም የኮምፔርሳቶ ጣውላ ላይ የተሣለ፣ የሰው ቁመት ያህል የሚረዝም ሥዕል ነበር። ሠራተኞች በማለዳ ከፋብሪካው በር ሲወጡ ያሳያል። ከፊታቸው ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ሁሉም ወደ ባንዲራው ያያሉ። ከመሃላቸው አንድ ወጣት ብቻ፣ የሹራቡን ኮሌታ ወደ ላይ ስቦ፣ ፈገግ ሊል ምንም ያልቀረው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል።

የፈረቃ ጡሩምባ ተነፋና ሠራተኛው ገባ። ጓደኛዬ አልዋሸችም። ትራክተሩን ዘወር ብሎ ያየው የለም፤ ሁሉም ወደዚያ ሥዕል ሄዱ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጥቂት ቆመው፣ ከሥዕሉ አጠገብ ወንበር ላይ ለተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በአንገታቸው እጅ ነስተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይወጣሉ። እኔ ጅሏ የጥበብ ፍቅር መስሎኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለጥናቴ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ይገኛል!

ሴትዮዋን ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ይህን ሥዕል ለምን ወደዱት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ወደደው አለሽ?» አሉ።

ጌታሁን ክንዴን ይዞ ወደ ጓሮ አወጣኝ። መጀመሪያ ሊቆጣኝ ፈልጎ ነበር፤ ፊቴን ሲያየው ግን ምንም እንደማላውቅ ገባውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ሥዕሉ ላይ ያለው ወጣት ልጃቸው ነው። እትዬ አስካለ ፈትል ክፍል ነው የሚሠሩት፤ እኔ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይ ነኝ። ዳዊት የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ወሰዱት፤ በማግስቱ መገደሉን ሰማን። ሬሳውን አልሰጧቸውም። ማልቀስም ክልክል ነው ተባለ፤ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ቤቱን ሲፈትሹ ፎቶግራፎቹን ሳይቀር ወሰዱ። እስከ ዛሬ እርማቸውን አላወጡም። አንድ ቀን 'ጌታሁን፣ መልኩ እየጠፋብኝ ነው' አሉኝ። እኔ ምን አለኝ? ያለኝ ብሩሽ ነው።»

«ሠራተኛውስ?»

«ያየሽው የሥዕል ተመልካች አይደለም፤ ለቅሶ ደራሽ ነው።»

ክው አልኩ። «ለምን ወደዱት» ማለቴ ትዝ ሲለኝ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ወደ አዳራሹ ስንመለስ የፋብሪካው ካድሬ፣ ጓድ ታፈሰ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሥዕሉ ፊት ቆሟል። ከክፍለ ሀገር ተዛውሮ ከመጣ ብዙም አልቆየ፤ ዳዊትን አያውቀውም። እትዬ አስካለ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ጓድ ጌታሁን፣ ሠራተኛው ሌላውን ትቶ ይሄኛው ላይ የሚያፈጠው ለምንድን ነው?»

ጌታሁን እትዬ አስካለን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«ይሄ ልጅስ? ሁሉም ባንዲራውን ሲያይ እሱ ምን ሆኖ ነው ወዲህ የሚያየው?» ብሎ የዳዊትን ጉንጭ በጣቱ መታ መታ አደረገ። የእትዬ አስካለ እጅ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ሲይዝ አየሁ። «ለማንኛውም ነገ የቀበሌ ጓዶች ይመጣሉ፤ አብረን እናየዋለን።»

የቀበሌ ጓዶች! ዳዊትን ከቤቱ የወሰዱት እኮ እነሱ ናቸው። ገና ከበሩ ሆነው ይለዩታል። ያን ጊዜ ጌታሁን አለቀለት፤ እናትየዋም፣ ባርኔጣውን ያወለቀው ሁሉም። ሥዕሉን እንዳይሸሽጉት ካድሬው አይቶታል። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አፌ ቀደመኝ።

«ጓድ፣ እኔ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «የኤግዚቢሽን ቦታዎችን ነው የማጠናው። ሠራተኛው የሚቆመው ያ ወጣት ስለሚጠራው ነው። 'አንተስ? ና ተሰለፍ እንጂ' እያለው ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ይሄ ሥዕል እዚህ መቅረት የለበትም። ከተማ ለበዓሉ ትልቅ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ሥራ የሚቀበሉት ዛሬ ከቢሮ መውጫ በፊት ብቻ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ደግሞ እስካሁን አንድም የለም።»

ስለ ኤግዚቢሽኑ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያን ክረምት ካጠናሁት ሁሉ ለሰው የጠቀመው ይኸው ብቻ ነው።

ጓድ ታፈሰ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ፣ ራቀ፣ እንደገና ተጠጋ። ቦርሳዬን አቀፍኩ።

«አንድም የለም?» አለ በመጨረሻ።

«አንድም።»

«የፋብሪካችን ስም ይጻፋል?»

«በትልቁ።»

«መኪና ጥሩ!» ብሎ ጮኸ።

ካድሬው ሾፌር ሊያስጠራ ሲወጣ ጌታሁን ዓይኑ ቀልቶ ዞረብኝ። «ምን አደረግሽ? ከእናቱ ልትወስጂው ነው?»

«እዚህ ካደረ ታልቃላችሁ፣ ጋሼ ጌታሁን። እዚያ ማንም አያውቀውም።»

እትዬ አስካለ ሁሉንም ሰምተዋል። ካድሬው ከመጋዘን ሙሉ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ አስይዞ ተመለሰና «ዝናብ እንዳያበላሸው ጠቅልሉት» ሲል ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኔ ልጠቅልለው» አሉ።

አንዲት ዋይታ ካመለጠቻቸው ሁላችንም ማለቃችን ነው። ሥዕሉን አውርደን ወለሉ ላይ አጋደምነው። እትዬ አስካለ ተንበርክከው አቡጀዲውን ከግርጌ ጀምረው እያጠበቁ ጠቀለሉ። ፊቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከንፈራቸውን ነክሰው ደም ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ሸፈኑት፤ ከላይም ከታችም በራሱ በአቡጀዲው ቅዳጅ አሰሩት።

«ጎበዝ እናት!» አላቸው ጓድ ታፈሰ።

ግቢው ጭቃ ስለነበር መኪናው መግባት አልቻለም፤ አስፋልቱ ዳር ቆመ። አራት ወንዶች ሥዕሉን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ጓድ ታፈሰ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ቀደመ። ከኋላ እትዬ አስካለ፣ ከእሳቸው ኋላ ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛ በሙሉ። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አልተናገረም፤ ጭቃው ውስጥ የሚገባ የሚወጣው እግር ብቻ ይሰማል። መሃል መንገድ ላይ ካድሬው መፈክር ሊያሰማ እጁን አንሥቶ ዘወር አለ። ያን ሁሉ ሰው አየ፤ ሴቶቹን አየ። እጁን ቀስ አድርጎ አወረደና ዝም ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ገብቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሾፌሩ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ገና ሲያየን ሞተሩን አጠፋና ወረደ። እትዬ አስካለ ሥዕሉ መኪናው ላይ ከተጋደመ በኋላ መዳፋቸውን አቡጀዲው ላይ አሳረፉ። ቅርብ ስለነበርኩ ያሉትን እኔ ሰምቻለሁ፤ «ቀበርኩህ፣ ልጄ። ሰው ሸኘህ» ነው ያሉት። ሰይድ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አላህ ያጽናዎት» አለና መኪናውን በእግረኛ ፍጥነት አስነሣ። ቃሊቲ መታጠፊያ እስኪሰወርብን ድረስ አላፈጠነም።

ሲመለሱ ሁሉም ግቢው ውስጥ ያለው የቦኖ ውኃ ዘንድ ቆመው፣ ከቀብር መልስ እንደሚደረገው፣ ተራ በተራ እጃቸውን ታጠቡ። እኔም ታጠብኩ።

የቀበሌ ሰዎቹ በማግስቱ መጥተው ትራክተሩንና ፀሐይዋን አይተው ሄዱ። በበዓሉ ሰሞን ወደ ከተማው ኤግዚቢሽን ሄድኩ። ሥዕሉ መሃል ላይ፣ የፋብሪካው ስም በትልቁ ተጽፎበት ተሰቅሏል። ባለሥልጣናቱ በፊቱ ሲያልፉ ዳዊት ዓይን ዓይናቸውን ያያቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አላውቅም። መንግሥት ሲለወጥ እትዬ አስካለን «ላፈላልግልዎት?» ብላቸው፣ «ተይው፣ የተቀበረ አይቆፈርም» አሉኝ።

እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። በለቅሷቸው ድንኳን ተተከለ፣ አቃቂ ነቅሎ መጣ፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ አለቀስኩ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ለቅሶ ቤት ሳልሄድ የማሳልፈው ሳምንት የለም። እዚያ ታዲያ ጎኔ የተቀመጠ ሰው «በቃሽ፣ ዝም በይ እንጂ» ሲለኝ ንድድ ይለኛል። ተዉኝ! እኔ ዝም በል የተባለ ለቅሶ አይቻለሁ።