የሃምሳ አለቃው የውሎ መዝገብ

ሃምሳ አለቃ ሕዝቅኤል በወታደርነት ዘመናቸው ጠመንጃ ከያዙበት ቀን ብዕር የያዙበት ይበዛል። የሻለቃ ጦሩ የውሎ መዝገብ ያዥ ነበሩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየ ነገር፣ ፊርማ። ጡረታ ወጥተው ዓባይ ማዶ በሚባለው ሰፈር ከተቀመጡ በኋላም እጃቸው አላርፍ ስላለ፣ ኮሌጅ የምታስተምረው ልጃቸው ሔራን ብሎግ ከፈተችላቸው፤ የዘመቻ ትዝታቸውን ይጽፉበት ጀመር።

ብሎግ የሚለው ስም ከየት እንደመጣም አጫወተቻቸው። የጥንት መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለማወቅ በገመድ የታሰረ እንጨት ባሕር ላይ ይጥሉ ነበር፤ እንጨቱ በቋንቋቸው ሎግ ነው። የሚመዘግቡበት ደብተርም በዚያው ሎግ ተባለ፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ዌብ ሎግ፣ ሲያጥር ብሎግ። ወታደሮች የሚጽፉት ደግሞ ሚልብሎግ የሚባል ለብቻው ስም አለው። ይህን ሲሰሙ ሃምሳ አለቃ ደረታቸው ተነፋ። ስሙ ሳይወጣ ሥራውን የሠራሁ እኔ ነኝ እያሉ ሰፈሩን አሰለቹት።

ሰኞ ዕለት፣ የሠራዊት ሹፌር የሆነው ልጃቸው ሀዲስ ደውሎ፣ ነገ ከጓዶቹ ጋር በከተማው እንደሚያልፉና የት እንደሚያድሩ ነገራቸው። ማክሰኞ ጠዋት የዓባይ ድልድይ አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ከሦስተኛው ኦራል መኪና ላይ እጁን አወዛወዘላቸው። ደስ ብሏቸው ቤት ገቡና እጃቸው እንደለመደው ጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዓባይ ማዶ፣ ዘጠኝ ኦራል ወደ ሰሜን፣ ልጄ ሦስተኛው ላይ።

ከሰዓት በኋላ ሔራን ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ይህን እኮ ማንም ያየዋል» አለች።

ያኔ ነው የገባቸው። የሻለቃው መዝገብ ብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያድር ነበር፤ ይሄኛው ቁልፍ የለውም። የባሰም አለ። ስሙን ያልጻፈ አንድ አንባቢ መኪኖቹ የት ያድራሉ ብሎ ጠይቋል፤ ሃምሳ አለቃም ጠያቂ አገኘሁ ብለው፣ በትሕትና፣ የሚያድሩበትን ከተማ ስም ጽፈው መልሰውለታል።

ሔራን ጽሑፉን አጠፋችው። ስልሳ ሦስት ሰው አንብቦታል። ሃምሳ አለቃ ጦር ሜዳ እንኳ እንዲህ ፈርተው አያውቁም። ለሀዲስ ደወሉ፤ አይነሳም። ደግመው ደወሉ። ባለቤታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ምን እንደተፈጠረ ባይነገራቸውም የሁለቱን ፊት አይተው፣ ልጄ የት ነው፣ የት ደረሰ እያሉ ቤቱን ይዞሩ ጀመር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሀዲስ ራሱ ደወለ።

«ማደሪያችሁ ታውቋል» አሉት ሃምሳ አለቃ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉት። «ለአዛዥህ አሁኑኑ ንገር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»



«እሺ አባዬ» አለ ሀዲስ። «ሌላ ቦታ እንሄዳለን። ምናልባት ወደ...»

«አትንገረኝ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ስልኩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ፤ የት እንዳለ ሊጠይቁት ነው። ሃምሳ አለቃ ስልኩን ዘጉት።