ማስክ አድርጎ የቆጠረን ዕለት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ያሰሩኝ ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ ደረቅ ጀንፈል ቡና የተከመረበት ግድግዳ ስንት ዓመት ቢቆይ ሽታውን አይለቅም። እሱ ላይ የሻጋታው፣ የባልዲውና የእርጥብ ልብሱ ሲጨመርበት አስቡት። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጠባቂው ከኋላዬ፣ "ግቢ እንጂ እትዬ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ የምንለምንሽ?" አለኝ። ገባሁ።

ጥፋቴ ውሃ ነው። ወጣቶቹ "የቧንቧ ውሃ አጣን" እያሉ በሰልፍ በሱቄ በር ሲያልፉ ጉሮሯቸው ደርቆ አየሁና አንድ ጀሪካን ከነኩባያው አውጥቼ አስቀመጥኩላቸው። እኔ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ማንበብን ዕቃ ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ያዳበርኩ ሴት ነኝ። "ለሁከት ስንቅ ማቀበል" የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅኩት መርማሪው ሲነግረኝ ነው። ውሃ አጣን ላሉ ልጆች ውሃ ሰጠሁ፤ ይኸው ነው።

ውስጥ ሦስት ሴቶችና አንድ ሕፃን ነበሩ። በዕድሜ ትልቋን እማማ ነው የምንላቸው። ፖሊስ ልጃቸውን ፈልጎ ሲያጣ እሳቸውን አመጣ፤ "ልጅዎ እጁን ሲሰጥ ይወጣሉ" አሏቸው። እሳቸው ግን፣ "ልጅ ሆኖ ድብብቆሽ ሲጫወት ሁልጊዜ ቶሎ የሚያዘው እሱ ነበር፤ አሁን ገና ተማረልኝ" እያሉ ያስቁናል። ሁለተኛዋ የደካ ከተማ ሴት ናት። የታሰረ ባሏን ልትጠይቅ መጥታ እሷም እዚያው ቀረች፤ ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ሦስተኛዋን፣ ከዋጫ ከተማ የመጣችውን ልጅ፣ ከመናኸሪያ ነው የያዟት። ዝምተኛ ናት። ትስላለች።

አንድ መስኮት ነበረን፤ ከጣራው ሥር፣ ከክንድ የማይበልጥ። እሱንም እማማ በጆንያ ጠቅጥቀውታል። ከሥሩ የሚተኙት እሳቸው ናቸውና ቦታውም መስኮቱም የእሳቸው ነው። ማንም አልተቃወመም፤ እኔማ ደስ ነው ያለኝ። ታውቁታላችሁ፤ ከቦንጋ ጅማ በሚኒባስ ስንሄድ ላብ እያጠመቀን እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው ይሰደባል። ንፋስ ይመታል፣ ምች ያመጣል እንላለን። ደግሞም ሕፃን አለ። የዋጫዋን ልጅ ሳል ሁላችንም ብርድ ነው አልነው። "ይኸው፣ ብርዱ ምን እንዳደረጋት እዩ" እያልን ጆንያውን ይበልጥ ወሸቅነው።

ፋርማሲስቷ በማግስቱ መጣች። ከሥራ ቦታዋ ነው የወሰዷት፤ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። "ዶክተር፣ እዚህ ተቀመጪ" ስንላት፣ "ፋርማሲስት ነኝ" አለች።

"ምን አርገሽ ነው ታዲያ?" አልኳት።

"ሕዝብ አሸብረሻል ተብዬ።"

በምትሠራበት ጤና ጣቢያ የወባ መድኃኒት አለቀ። አለቆቿ "ነገ ይመጣል በያቸው" አሏት። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ። አንድ ቀን ሰው ተሰልፎ፣ ሕፃን በጀርባ ታዝሎ እየተንቀጠቀጠ ስታይ ወጣችና፣ "መድኃኒቱ የለም፤ አትጠብቁ። የታመመውን ዛሬውኑ ሌላ ጤና ጣቢያ አድርሱ። እቤት የቀራችሁ አጎበራችሁን ዘርጉ፤ በግቢያችሁ ያቆረ ውሃ ካለ ድፉት" አለች። ማሸበር የተባለው ይኼ ነው።

"የአጎበር አሸባሪ!" አሉ እማማ። በሳቅ ፈረስን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምትሰማው እኛን አልነበረም። ሳሉን ነበር።

ሄዳ ከዋጫዋ ልጅ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ብዙ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ተነሣችና መስኮቱን ቀና ብላ አየችው።

"ይኼን ጆንያ ማን ነው የወሸቀው?"

"እኔ ነኝ፤ ምነው?" አሉ እማማ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ መውጣት አለበት።"

"ሕፃኑን ልትጨርሺው ነው?"

የደካዋ እናት አማርኛዋ እየተሰበረ፣ "ተይ እህቴ፣ ንፋስ እኔ ልጅን ትመታለች" አለቻት።

"ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል" አለች ፋርማሲስቷ። "እየተቀባበልን የምንተነፍሰውን አየር ግን በምን እንመልሰው?"

"ምን ሆነ አየራችን?"

የሰው ምስጢር ይዛ እንደተጨነቀች ፊቷ ላይ አየሁት። የመለሰችልን የዋጫዋ ልጅ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

"እኔ ነኝ። ቲቢ አለብኝ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነበር፤ ሲይዙኝ እቤት ቀረ። ለጠባቂዎቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ። ለእናንተ ብነግር ደግሞ ታባርሩኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

የደካዋ እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ ወደ ጥግ ሸሸች። እማማ በጣታቸው የባልዲውን ቦታ አመለከቱ፤ "እንግዲያው እዚያ ትሁን።"

"አይሆንም" አለች ፋርማሲስቷ። "የእሷ ቦታ እዚህ ነው፣ እርስዎ የሚተኙበት፣ ከመስኮቱ ሥር። ሕፃኑ ደግሞ በሩ ጋ።"

"ጭራሽ ለበሽተኛ ደኅናውን ቦታ! እኔን አንሥተሽ?"

ፋርማሲስቷ አልተቆጣችም። ከነጠላዬ ጫፍ አንድ ክር መዘዘችና ከበሩ ሥር፣ ብርሃን ከሚገባበት ክፍተት ፊት አንጠለጠለችው። ክሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ ጎበጠ። ከዚያ ጀሪካን ደፍታ ቆመችበትና ጆንያውን መዝዛ አወጣች፤ ክሩን መስኮቱ ጋ ያዘችው። ወደ ውጭ ተሳበ።

"አያችሁ? አየሩ በበሩ ሥር ይገባል፣ በዚህ ይወጣል። ጨለማው ጥግ ብናስቀምጣት ሳሏ መሀላችን ሲዞር ይውላል። እዚህ ከሆነች ግን አየሩ አብዛኛውን ይዞት ይወጣል። መድኃኒቷን እየወሰደች ቢሆን ይኼን ያህል ባላሰጋን ነበር። አሁን ተቋርጧል፤ በሽታው መድኃኒቱን ከለመደ ደግሞ እሷንም ማዳን ይከብዳል።"

እማማ ክሩን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሰሌናቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

"ሦስት ፖሊስ ከቤቴ ያነሣኝ እየጎተተ ነው" አሉ፤ "አንቺ በአንድ ክር አነሣሽኝ። ነይ አንቺ ልጅ፣ ግቢበት። ከዚህ ቤት መባረር ቢኖርማ ሁላችንም ቲቢ አለብን ባልን ነበር!"

የዋጫዋ ልጅ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች። ሲስላት በነጠላዋ ጫፍ አፏን እንድትሸፍን ፋርማሲስቷ አሳየቻት። ለእኛም፣ "በሰሐንና በኩባያ አይጋባም፤ አብራችሁ ብሉ" አለችን። ለእናትየዋ ደግሞ በቋንቋዋ በካፊኖኖ ረጋ ብላ አስረዳቻት፤ ሕፃናት ሳይታመሙ አስቀድመው የሚወስዱት መከላከያ መድኃኒት እንዳለ። በበሩ ሥር ጉም ገባ፤ በመስኮቱ የባጃጅ ድምፅ ገባ። በረደን። ቆጮአችንን ከአንድ ሰሐን ስንበላ ግን ሰዎች መሰልን።

ከሰዓት በኋላ የግቢው ኃላፊ ለፍተሻ ገባ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ።

"ይኼን ማን ክፈቱ አላችሁ? ለውጭ ሰው ምልክት ልትሰጡ?"

ፋርማሲስቷ ተነሥታ በአክብሮት ነገረችው። ቲቢ ያለባት ሴት አለች፣ መድኃኒቷ ተቋርጧል፣ ጤና ጣቢያ ቢደውሉ በነጻ ይሰጣል፤ ሕፃንም አለ።

"እዚህም ፋርማሲ ልትከፍቺ ነው?"

"አይደለም ጌታዬ። እርስዎም ጠዋት ማታ ገብተው ነው የሚቆጥሩን። ይኼንኑ አየር ተንፍሰው ነው እቤትዎ የሚገቡት። ልጆች አሉዎት?"

ፊቱ ጠቆረ። "ታስፈራሪኛለሽ? ለዚህ አይደል የታሰርሽው! አመልሽ አይለቅሽም ማለት ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ በኩል መዶሻ ሰማን። መስኮቱ ላይ ቆርቆሮ መቱበት። እያንዳንዱ ምስማር ሲገባ ሕፃኑ ይደነግጣል።

እስከዚያ ድረስ፣ እውነቴን ነው፣ ሰውየው አላወቀም ብዬ ነበር። አልተማረ ይሆናል፣ አልገባው ይሆናል እላለሁ። ለማታው ቆጠራ ሲመጣ ግን ማስክ አድርጎ መጣ። አዲስ፣ ሰማያዊ፣ አፍንጫው ላይ በደንብ የተጫነ። በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ቆጠረን፤ ሕፃኑንም ቆጠረ። ወጣ፤ ዘጋው።

ገብቶታል! እያንዳንዱን ቃል ሰምቷል፤ አምኗታልም። ለራሱ ሳንባ አምኗት፣ ለእኛ ቆርቆሮ አስመታ። እኔ ሱቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስንት ክፉ ሰው አይቻለሁ። እንደዚያ ማስክ ያንገበገበኝ ነገር ግን የለም። እማማ እንኳ ቀልድ አጡ። "አያችሁት አይደል?" ብቻ አሉ።

ጠዋት ለመጸዳጃና ለመታጠቢያ አወጡን። ካፊያ ነበር። "ግቡ" ሲባል እማማ በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ምን እየሆኑ ነው እማማ?" አለ ጠባቂው።

"አልገባም። አየር የለውም።"

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፋርማሲስቷም። የደካዋ እናት ሕፃኑን በጋቢዬ ጠቅልላ መጣች። የዋጫዋን ልጅ ፋርማሲስቷ ራቅ አድርጋ ከጣራው ጠርዝ ሥር አስቀመጠቻት፤ ያን ሰዓት እንኳ ንፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይታ። ንፋስ የምንፈራው እኛ ዝናብ ሲወርድብን ተቀመጥን። ቁርስ ይዘው የመጡ ቤተ ሰቦች ከአጥሩ ማዶ ይመለከቱናል። አንዷ፣ "ምን አደረጓችሁ?" ብላ ጮኸች።

ኃላፊው መጣ። ማስኩ አገጩ ላይ ነው።

"ተነሡ! ይኼ አድማ ነው!"

እማማ ቀና ብለው አዩት። ድምፃቸውን አላነሡም።

"ልጄን ፈልጋችሁ ስታጡት እኔን አሰራችሁ። እሺ፣ አልኩ። ይኼን ሕፃን ያሰራችሁት ግን ማንን ፈልጋችሁ ነው?"

ኃላፊው አጥሩ ማዶ ያለውን ሰው አየ፤ እኛን አየ። ጠባቂው አንገቱን ደፋ። ጋቢው እስኪከብድ፣ ጥርሳችን እስኪንገጫገጭ ተቀምጠናል። በመጨረሻ ኃላፊው፣ "ያን ቆርቆሮ አንሡላቸው" ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ምስማሩ ሲነቀል እየሰማን ነው የተነሣነው። ከሰዓት አንዲት የጤና ባለሙያ መድኃኒት ይዛ መጣች። የዋጫዋ ልጅ ሁላችንም ፊት ዋጠች። ፋርማሲስቷ፣ "አፍሽን ክፈቺ፤ ምላስሽን አንሺ፤ ጎበዝ" አለቻት፣ ሥራዋ ላይ እንዳለች ሁሉ።

አሁን ሁላችንም ውጭ ነን። እኔን "ክስ የለብሽም" ብለው ለቀቁኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። የዋጫዋን ልጅ መድኃኒቱን ሐኪሞቹ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመሯት፤ ያን ሁሉ ወር የዋጠችው ባሰሯት ሰዎች ምክንያት ከንቱ ቀረ። ጨርሳለች፤ ድናለች፤ ትደውልልኛለች። ኃላፊው እዚያው ሥራው ላይ ነው። ፋርማሲስቷ ግን በዋስ ወጥታ እስካሁን ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ከሥራዋ አግደዋታል። ክሱም ያው ነው፣ ሕዝብ ማሸበር።

ብዙ ጊዜ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሐኪም ያዳነውን ሰው ቆጥሮ ያሳያል። እሷ ግን የሠራችው ያልመጣ በሽታ ነው፤ ያልሳለ ሳንባ፣ ያልተንቀጠቀጠ ልጅ። ያልሆነን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ለዳኛ ያቀርባል?

እኛ በቀጠሮዋ ሁሉ እንሄዳለን። እማማ ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ። የደካዋ እናትም ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁ መከላከያውን ወስዶ ጨርሷል፤ አድጓል፤ እግሩ አንድ ቦታ አያርፍም። ዓቃቤ ሕጉ ሲናገር በወንበሮቹ መሀል እየሮጠ ይስቃል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ፣ "ልጁን አስቀምጡት እንጂ!" ይለናል።

አናስቀምጠውም።