አርባ ሦስተኛው ቀን

የመጋዘኑ በር ላይ ሲያቆሙኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የበቆሎ አቧራና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ቡሬ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ተሰክቶ ቀርቷል። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። አሥራ ስምንት ሴቶች ያዩኛል። አሥራ ዘጠነኛዋ እኔ ነበርኩ።

የያዙኝ ፍኖተ ሰላም፣ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው የማውቀውን ፌስታል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"ይኼን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"የሦስት ወር መድኃኒት ለአንዲት መነኩሲት?"

ላስረዳው ፈልጌ ነበር። ግን እኔ በማላውቀው ሰው ፊት ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ስማር አንድም ቀን እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም። ጋዎኔን አውልቄ፣ አጥፌ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ተከተልኳቸው።

መጋዘኑ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር፣ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። አወቅኋቸው። እሳቸውም አወቁኝ።

"ነይ የኔ ልጅ፣ ወዲህ ተቀመጭ" አሉኝ። "ስምሽን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከየት አመጡት ሲሉኝ ለመዋሸት አፌ እንቢ አለኝ።"

እማሆይ የግሽ ዓባይ አካባቢ ሰው ናቸው። በክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ባሕር ዳር ወስደው መገጣጠሚያውን በብረት ቀየሩላቸው። ከወራት በኋላ ቁስሉ መግል ያዘ። ሐኪሞቹ እንደገና ከፈቱት፣ አጠቡት፣ ብረቱን ሳያወጡ ዘጉት። ከዚያ በአፍ የሚወሰድ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጧትና ማታ፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት አዘዙላቸው። መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ በየሳምንቱ ተመላልሰው መውሰድ አይችሉም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰጠኋቸው።

ሃያ ቀን ፍኖተ ሰላም የእህታቸው ልጅ ቤት ሰንብተው ወደ አገራቸው ሲነሡ ቡሬ መውጫ ላይ ተፈተሹ። መርማሪው ኪኒኑን ቆጠረው። ሃያ ቀን ወስጃለሁ ብለዋል፤ የጎደለው ግን የአሥር ቀን ብቻ ነው። "እርስዎ ካልወሰዱት ለማን ሊያደርሱት ነው? ጫካ ላሉት?" አላቸው። እማሆይ መልስ አልሰጡም። በቃ፤ የሁለታችን ክስ ይኼው ነው።

ፌስታሉ ኤግዚቢት፣ የክሱ ማስረጃ፣ ሆኖ መርማሪው ቢሮ ተቀመጠ። ሆኖም መድኃኒቱን አልከለከላቸውም። ጧት ጧት ጠባቂዋ ስትቆጥረን፣ እኛም ከበሩ ጀምሮ ቁጥራችንን በተራ ስንጠራ፣ የእማሆይን ድርሻ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣቸዋለች። ማታም እንዲሁ።

በሦስተኛው ቀን ነው ያየኋቸው። የጧቱን ወደ አፋቸው አስጠጉና ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

"እማሆይ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በይ።"

"ፍኖተ ሰላምም እንዲህ ያደርጉ ነበር?"

 ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሁዳዴ አይደል እንዴ" አሉኝ። "በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌን ከከፈትኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። አላደርገውም።"

የአሥር ቀኑ ትርፍ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ ቀን ሙሉ የማታውን ብቻ ነበር የዋጡት።

"ለታመመ ሰው እኮ ይፈቀዳል። ነፍስ አባትዎን ቢጠይቋቸው..."

"ይፈቅዱልኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ታዲያ ይኼን ለመርማሪው ለምን አልነገሩትም? ይለቅዎት ነበር እኮ።"

እንደ ሕፃን አዩኝ። "ጾሜን አደባባይ ላውጣው? የተወራ ጾም ምን ይረባኛል? አንቺም እንዳትናገሪብኝ።"

እንደማልናገር ማልኩላቸው። በምላሹ እሳቸውም የጧቱን እንዲውጡ ለመንኳቸው። ግማሽ መጠን ለተሕዋሱ ልምምድ እንደሆነ፣ ብረቱ ላይ ተለጥፎ እንደሚጠብቅ፣ ጉልበት ሲያገኝ እንደሚነሣ በሹክሹክታ አስረዳኋቸው። ብዙ አሰቡ። በማግሥቱ ጧት ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አማትበው፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጡት። ፊታቸው የጠፋ ሰው ፊት ነበር።

መጠኑ ሙሉ ሲሆን የሽንታቸውም ቀለም ደመቀ። ጥግ ያለውን ባልዲ ያየች አንዲት አብራን የታሰረች የቡሬ ጠላ ነጋዴ ጮኸች፤ "ኧረ በሥላሴ! እማሆይ ደም ሸኑ!"

ሁሉም ተነሡ። ለሁሉም የሚሰማ ቃል የተናገርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው። "ደም አይደለም። ቀዩ መድኃኒት ነው። ሽንትም ላብም ያቀላል። እንባም ሳይቀር።"

"እንባም?" አሉ እማሆይ። "እንግዲያ ለነዚህ ሰዎች አላለቅስላቸውም። ነጠላዬን ያበላሹብኛል።"

ጠላ ነጋዴዋ ሳቀችና "አንቺ ሐኪም፣ ለካ ድምፅ አለሽ" አለችኝ።

እንዲህ እያልን እማሆይ መድኃኒቱን ከጀመሩ አርባ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ መርማሪው ቢሮው አስጠራኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ፌስታሉ ከፊቱ ነበር።

"ዛሬ ስድስት ሳምንት ሞላቸው" አለ። "አንድ ሐኪም አማክሬያለሁ። ለእንዲህ ያለ በሽታ ስድስት ሳምንት ይበቃል አለኝ። ዋሽቷል?"

"አልዋሸም። ስድስት የሚሉ አሉ።"

"እንግዲያ የቀረው ትርፍ ነው።"

"ብረቱ ወጥቶላቸው ቢሆን እኔም አመነታ ነበር። የእማሆይ ግን ውስጥ እንዳለ ነው ታጥቦ የተዘጋው። እንዲህ ያለው ቀድመው ሲያቆሙት ይመለሳል።"

"ይመለሳል ስትይ እርግጠኛ ነሽ?"

እጆቼን ጉልበቴ ላይ አጣመርኩ። ጠረጴዛው ይከልላቸዋል።

"አይደለሁም። ስድስትም ሊበቃቸው ይችላል። ከተመለሰ ግን እንደገና ይከፈታሉ፤ ምናልባት ብረቱ ይወጣል። በዚህ ዕድሜያቸው ከዚያ በኋላ አይቆሙም። በሳቸው ዳሌ አልወራረድም።"

አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ስድስት ሳምንት እንደሚበቃ እያወቅሁ ትርፉን እንደሰጠሁ ይላል። ከሥር የእኔ ስም፣ ከጎኑ ያዘዘው ሐኪም ስም ተጽፏል።

"ፈርሚና ዛሬ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

"ይኼን ከፈረምኩ እማሆይ ተላላኪ ናቸው ማለት ነው።"

"እኔ አላልኩም።"

"ወረቀቱ ይላል።"

የአሥሩ ቀን ምስጢር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን የእኔ አልነበረም። እስክሪብቶውን ከደንኩና ወረቀቱ ላይ አስተኛሁት። እስከዚያ ቀን ከዚህ የባሰ ድፍረት አድርጌ አላውቅም ነበር።

"ከነገ ጀምሮ መድኃኒት የለም" አለ፤ ድምፁን ሳይጨምር።

ስመለስ ለእማሆይ ሁሉንም ነገርኳቸው። "የኔን ነገር ተናገርሽ?" አሉ። "አልተናገርኩም" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግሥቱ ጧት ጠባቂዋ ባዶ እጇን መጣች። ቆጠራው ተጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እማሆይ አራተኛ ነበሩ፤ እንደተቀመጡ "አራት" አሉ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አርባ ሦስት።"

ጠባቂዋ ቀና አለች። "ምን አልሽ?"

"አርባ ሦስት። ዛሬ የእማሆይ መድኃኒት አርባ ሦስተኛ ቀኑ ነው።"

"አምስት በይ!"

"አርባ ሦስት።"

ከጎኔ ጠላ ነጋዴዋ ነበረች። ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔም አርባ ሦስት ነኝ" አለች። "ስሸምት እንጂ ስቆጠር ተሳስቼ አላውቅም።" ከሷ ቀጥሎ ያለችው አርባ ሦስት አለች። ከዚያ ቀጥሎም። ጠባቂዋ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ አሁን የመጀመሪያዋም አርባ ሦስት ሆናለች። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሌላ ነገር አልጮኽንም፤ አልተሳደብንም። ቆጠራ ላይ የተጠየቅነውን ቁጥር ነው የሰጠነው።

መርማሪውን ጠራችው። በሩ ላይ ቆሞ አየን፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ይኼን የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ለብቻሽ ትቀመጫለሽ። ውጪ።"

አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። እማሆይ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ቆመው ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ተዋት" አሉት። "የአሥሩን ቀን አይደል የምትፈልገው? ሃያ ቀን የጧቱን አልዋጥኩም። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም በአፌ አይዞርም። ይኼው። ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ለአንተ ነገርኩ።"

 መርማሪው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንደሆነ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

"ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም፣ እማሆይ?"

"ጾም ለፖሊስ ይነገራል?"

ኮፍያውን መልሶ ደፋ። እኔንም ሳይወስደኝ ሄደ። ረፋድ ላይ ጠባቂዋ በወረቀት የተጠቀለለውን ይዛ መጣች። እማሆይ ተቀበሏት፤ አማተቡ፤ ዋጡት። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ብርቱካንማ ጠብታ ቀረ፤ ሊያጥቡትም አልሞከሩም።

አልፈቱንም። መድኃኒቱ ግን ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም። ያለቀው ከሰማንያ አራተኛው ቀን አሥር ቀን ዘግይቶ፣ በበዓለ ሃምሳ ነው። ኤግዚቢቱ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ባዶ ፌስታል ቀረ። ለምን እንደታሰርን በቅጡ እንዳልነገሩን፣ በኋላ ለምን እንደተፈታንም አልነገሩንም።

አሁን ወደ ባንኮኒዬ ተመልሻለሁ። ድምፄ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ረዥም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ፓኮ ላይ የቀኑን ቁጥር እጽፋለሁ፤ በጾም ወቅት ደግሞ "በስንት ሰዓት ነው አፍዎን የሚከፍቱት?" እላለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም።

እማሆይ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ቁስሉ አልተመለሰም። ስድስት ሳምንት ይበቃቸው እንደነበር ዛሬም መማል አልችልም። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ለመንኩ።

"የዚያን ጊዜውን ጾም ጻፊው" አሉኝ። "እሱ አንዴ ወጥቷል። ከተፈታሁ ወዲህ በሱ ፈንታ በስውር ምን እንደያዝኩ ግን ለአንቺም አልነግርሽም።"