ዓባያ ዳር የጠራሁት ስም

የልጅ ልጄ ስካውት ስትሆን አልተቃወምኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቋን አንገቷ ላይ አስራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የልብስ ማስጫዬን ገመድ ፈትታ በተማረችው አቋጠር እንደገና ታስረዋለች። ከኦቾሎ ተራራ በእግር ወርደው ዓባያ ዳር ድንኳን እንደሚተክሉና ታንኳ እንደሚቀዝፉ ስትነግረኝ ግን «አትሄጂም» አልኳት።

አልተከራከረችኝም። መሪያቸውን ላከችብኝ። ከሌላ አገር መጥቶ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ አሁን ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«እማማ፣ እርስዎም ለምን አብረውን አይሄዱም? ምግቡን የሚያይልን ትልቅ ሰው ያስፈልገናል። እርስዎ ካሉ የሌሎቹም ወላጆች አይሰጉም።»

«ውሃው አዞ አለበት።»

«ከዳር አይርቁም። መንሳፈፊያ ጃኬትም ይለብሳሉ።»

እምቢ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ያደግሁት እዚያው፣ ምዕራብ ዓባያ አጠገብ ነው። አባቴ ወላይታ፣ እናቴ ጋሞ ስለነበሩ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የጠፋው ከዚያ ቤት ነው። ቀኑ ወደ መምሸቱ ነበር። እኔ ጓዳ በቆሎ እፈለፍላለሁ፣ እሱ ደጅ ይጫወታል። «አቤት» ሲል ሰማሁት። የጠራውን ግን አልሰማሁም። እናቴ አልጠራችውም፤ አባቴ እርሻ ላይ ነበር። ሸሚዙ ሐይቁ ዳር ተገኘ። አስከሬን ስላልነበረ ለልቅሶው የተዘረጋው ያ ሸሚዝ ነው። ጎረቤቱ አዞ ነው አለ። እናቴ ግን «አንዴ ሲጠሩት አቤት አለ» ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረችም።

በእኛ ቤት ከውሃ በኩል ለሚጠራን ሁሉ ወዲያው አቤት አይባልም። ያው ድምፅ ሦስት ጊዜ መጥራት አለበት። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ሌላው አይደግምም። እኔም ይህን ለልጄ አስተማርኩ፤ እሷ ሥራ ፍለጋ ስትሄድ ትታልኝ ለሄደችው ልጇም አስተማርኩ።

ልጆቹ ከኦቾሎ በእግር ሲወርዱ እኔ ከድስቱና ከሽንኩርቱ ጋር በመኪና ቀደምኳቸው። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ደረሱ።

«ሞግዚቷን ይዛ የዘመተች ስካውት!» አለ አንደኛው፣ እኔ ድስቱ ላይ ጎንበስ ማለቴን አይቶ።

«ያንተ እናት ብትመጣ ኖሮ አዝላህ ነበር የምትወርደው» አለችው የልጅ ልጄ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

እኔ ለሐይቁ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። የዓባያ ውሃ ያው ነው፤ ቀይ፣ ውስጡ የማይታይ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው በታንኳ ወጡ። ታንኳዎቹን ያከራያቸው አሣ አጥማጅ የራሱን ጀልባ ይዞ አጠገባቸው ነበር። ለልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገራቸው፤ ነፋስ ሲነሳ ተመለሱ። ነፋሱ ግን ከዝናብ ጋር አብሮ መጣ። ሐይቁ ማዶው ጠፋ፤ ቀጥሎ መሃሉ ጠፋ። ታንኳዎቹ አንድ በአንድ ዳር ደረሱ። የልጅ ልጄና ጓደኛዋ የነበሩበት አልደረሰም።

መሪው ፊሽካ ነፋ። ዝም። ስማቸውን ጠራ። ዝም። ከልጆቹ አንዱ ጠራ፣ ሌላዋ ጠራች፣ መሪው ወደ ሌላ በኩል ሮጦ እንደገና ነፋ።

«ነፋሱ ቄጠማው ውስጥ ከቷቸዋል» አለ ሌሎቹን አጅቦ ዳር የደረሰው አሣ አጥማጅ። «ድምፅ ካልሰጡኝ በየት ልግባ? ሊመሽ ነው፤ ጉማሬዎቹ ለግጦሽ የሚወጡት በዚያው በቄጠማው ነው።»

«ለምን አይመልሱም?» አለ መሪው። ድምፁ ተቀይሮ ነበር። «እዚህ ድረስ የሚጮህ ፊሽካ እንዴት አይሰሙም?»

ይሰማሉ። ለእኔ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ድምፅ አንዴ ጠርቶ ለሌላው ይለቃል፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ያው ድምፅ ሦስተኛ እስኪጠራ ትጠብቃለች።

አሣ አጥማጁ ጀልባውን ከዳር ጥቂት አርቆ ቆመ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። መሪው «እማማ፣ ይመለሱ» አለኝ። እዚያ ሐይቅ ዳር ቆሜ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ወንድሜን ከፈለግንበት ምሽት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የልጅቷን ስም ጠራሁ። ጠበቅሁ። ሁለተኛውን ልጠራ አፌን ስከፍት የወጣው የወንድሜ ስም ነው።

«አቤት» አለ።

ቅርብ ነበር፤ ከግራ፣ ቄጠማ ከሌለበት ከባዶው ውሃ። የትንሽ ወንድ ልጅ ድምፅ ነው። እንደ ማንኛውም ልጅ፣ ከጨዋታው ሳይነሳ እንደሚመልስ ልጅ።

«እዚያ ናቸው!» አለ መሪው። አሣ አጥማጁ ጀልባውን ወደ ግራ አዞረ።

«እነሱ አይደሉም» አልኩ። «ወንድ ልጅ ነው።»

«ወንዶቹ ሁሉ እዚህ ናቸው፣ እማማ።» መሪው ዞር ብሎ አያቸው። ሁሉም ተጠጋግተው ቆመው ነበር።

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?» አለ አሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን እንደያዘ።

ጀልባው ወደዚያ አፍንጫውን አዙሮ እየጠበቀኝ ነበር። እኔ ሂድ ብለው ይሄድ ነበር። ብርሃኑ ግን እየደከመ ነው፤ አንድ ጀልባ ነው ያለን።

«ተወው» አልኩ። «ወደ ቄጠማው መልስ።»

የልጅቷን ስም ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

«አቤት! እማዬ፣ እዚህ ነን!» አለች ከቄጠማው ውስጥ። እኔ ስላሳደግኳት እማዬ ነው የምትለኝ።

አሣ አጥማጁ ድምፁን ተከትሎ ገባ። ዳር ሲደርሱ ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር። ጓደኛዋ ገና ከጀልባው ሳትወርድ መክሰስ ጀመረች።

«አፌን ይዛኝ ነበር! ልጮህ ስል፣ ቆይ ገና አንዴ ነው ትለኛለች።»

«ፊሽካውንስ?» አላት መሪው የልጅ ልጄን።

«ፊሽካማ ማንም ይነፋል» አለችው። በዚህ ልጆቹ ሳቁ። መሪው አልሳቀም። በኋላ ብቻዬን አግኝቶኝ ያ የወንድ ልጅ ድምፅ የገደል ማሚቶ መሆን አለበት አለኝ። የገደል ማሚቶ የጠሩትን ስም ነው የሚመልሰው፤ አቤት አይልም። ይህን አልነገርኩትም።

ልብሷን ቀይሬ ነጠላዬን አልብሼያት እሳቱ ዳር ስንቀመጥ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ መሃል ላይ የጠራሽው ማንን ነው?»

«ማንንም።»

«መለሰልሽ እኮ።»

«ሾርባሽን ጠጪ።»

ጠጣች። ከእንግዲህ ከውሃ ዳር ሲጠሩሽ ቶሎ መልሺ ማለት ነበረብኝ። አላልኳትም፤ የትኛው እንደሚያድን አላውቅም። ወደ ሐይቅ ደግመው የሚሄዱ ከሆነ አብሬያት እሄዳለሁ፤ ይህን ለመሪውም ነግሬዋለሁ።

አቤት ያለ ልጅ ለምን እንደተጠራ እስኪነገረው ይጠብቃል። ወንድሜም ታዛዥ ልጅ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አንድ ጊዜ ጠራሁት፣ አቤት አለኝ፣ ከዚያ ምንም ሳልለው ሌላ ሰው መጥራት ቀጠልኩ።