ይቺ ጥቁር ነገር ትቆረጥ

ኡጋንዳ፣ ኦልድ ካምፓላ ሰፈር ፎቶ የሚያትም ቤት ነው የምሠራው። አንድ ሐበሻ ሰውዬ መጣ፤ የሆነ ድርጅት ሠራተኛ ነው፣ ንቲንዳ ሰፈር ሬስቶራንት ሊከፍት ነው። የድሮ የአዲስ አበባ ፋሽን መጽሔት ይዟል። ገጾቹን በትልቁ አሳትሞ ግድግዳውን ሊሞላበት።

"ወንድሜ፣ አሮጌ አስመስልልኝ" አለኝ።

"አሮጌ እኮ ነው።"

"አይ፣ ቪንቴጅ! ቀለሙ ይጮሃል። ቡናማ ቡናማ አድርገው።"

አንዱ ገጽ ላይ ያለችውን ልጅ ቀሚስ ብታዩት! ቀዩ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ያኔ ሰው ቀለም አይፈራም ነበር። ልጅቷ ወዟ ያበራል፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ከኋላዋ አውቶቡስ ያልፋል። የዛሬ ሰው ይሄን ሁሉ አጥቦ ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ያስመስለዋል።

ከዛ ጣቱን ልጅቷ እግር ስር ሰደደ። "ይቺ ጥቁር ነገር ደግሞ ትቆረጥ።"

ጥቁሯ ነገር ጥላ ናት። ባርኔጣ ያደረገ፣ ካሜራ ይዞ ክርኖቹን የዘረጋ ሰውዬ ጥላ። ወዲያው አወቅኳት! ኪሱጉ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑ እትዬ አሉ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የወሎ ሴት። ሳሎናቸውን የሞሉት ሟች ባላቸው ያነሷቸው ፎቶዎች ናቸው። ባልየው ፀሐይን ከጀርባ አድርገው ማንሳት ይወዱ ነበርና ያ ባለባርኔጣ ጥላቸው የማይገባበት ፎቶ የለም።

መጽሔቱ ላይ የፎቶ አንሺ ስም የለም። ሰውዬው ደግሞ ከስሩ "ያልታወቀ ፎቶ አንሺ" ብለህ ጻፍ ብሎኛል። ለእትዬ ደወልኩላቸው። በቦዳ ሞተር እየበረሩ መጡ።

ገጹን በጣታቸው ዳበስ አደረጉ። "ቀሚሷን እኔ ነኝ የሰፋኋት" አሉ። "ልጄ፣ ስሙን ጻፍለት እንጂ፤ ይኸው እዚህ ቆሞ የለም እንዴ?"

"እማማ፣ ጥላ እኮ ማስረጃ አይሆንም" አለ ሰውዬው፣ ስልኩን እየነካካ። "ደግሞ ያልታወቀ ሲባል ያምራል። ምስጢር አለው።"

"እሱ? ምን ምስጢር አለው? ወላሂ ያንኮራፋ ነበር!"

ሰውዬው ሳቀ፤ ስሙን ግን አላስጻፈም። እኔ ሙልጭ አድርጌ ልሰድበው አፌን ስከፍት አለቃዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ደንበኛ ነዋ! እጄ እየተጠየፈ ቆረጥኩት። ቀዩንም ጭቃ አደረግኩለት።

ሰውዬው ሲወጣ እትዬ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

"የቆረጥከውን ስጠኝ።"

ጥላውን ብቻ በትልቁ አተምኩላቸው። ስሙን እየነገሩኝ ከስሩ ጻፍኩት። "ጥቁረቱን እንዳትቀንስብኝ" አሉ። አሁን ሳሎናቸው በር ትይዩ ተሰቅሏል፤ ስትገባ ባርኔጣው ይቀበልሃል።

ንቲንዳ ደግሞ ሰው ከነቅባታም አፉ ከልጅቷ ጋር ሰልፊ ይነሳል። ከስሯ፦ ያልታወቀ ፎቶ አንሺ። ቱ! ማነው ያላወቀው?